የአሰብ ናፍጣ፣ የጎሊና ውሃ

ከመሪ ያስነሳኝ ዓይኔ ነው። መንጃ ፈቃዴን ላሳድስ ደሴ ሄጄ፣ ሐኪሙ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ፊደል አንብብ ቢለኝ ከመሀል በታች ያለው ሁሉ የጉንዳን መንገድ መሰለኝ። «አባባ፣ እስካሁን የነዱት ይበቃዎታል» አለኝ። በትህትና ነው የተናገረው፤ እኔ ግን እስከ ኮቦ ድረስ በሆዴ ስሰድበው መጣሁ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ቦቴ ስነዳ ነው። ቦቴ ነዳጅ የሚጭነው መኪና ነው፤ ሌላው ሾፌር እጁን አውለብልቦልህ ያልፋል እንጂ አጠገብህ አያቆምም። ደመወዙ ከእህል ጫኝ ትንሽ ይሻል ነበር። ስለ ጡረታው ወረቀት መመላለስ ካወራሁ ስድቤ ስለሚበዛ ልተወው።

ጡረታ ጎረቤትን ያሳውቃል። መንገድ ላይ በነበርኩበት ዘመን በቤቴ እንግዳ ነበርኩ፤ በልቼ፣ ተኝቼ፣ ልብሴን ቀይሬ እሄዳለሁ። አሁን ደጃፌ ላይ ወንበር አውጥቼ ስውል፣ ባለቤቴ አስካለ ስንት ዘመን ያጠራቀመችውን ሐሜት ከሥር ከመሠረቱ ትነግረኝ ጀመር። ከሁሉም የሚበዛው የእትዬ ዘሀራ ሐሜት ነው። እትዬ ዘሀራ ከአጥራችን ወዲያ ብቻዋን የምትኖር፣ ጥቂት ማሽላ እየሸጠች የምትተዳደር አሮጊት ናት።

«አየህልኝ?» አለችኝ አስካለ አንድ ቀን ሰሃን ይዛ ገብታ። «ጎረቤት ናት ብዬ ዳቦ ብልክላት፣ ሰሃኔን ባዶውን። ያውም ደፍታ፣ አድርቃ።»

በእኛ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ዳቦ የተላከለት ቆሎ አድርጎ ይመልሳል፤ ቆሎ ያጣ ጨው ቆንጠር ያደርግበታል፤ ጨውም ያጣ ንጹሕ ውሃ ትንሽ ይተውበታል። ያደረገውንም አይናገርም፤ ባለቤቱ ሲከፍት ያገኘዋል እንጂ። እስላሙም ክርስቲያኑም እንዲህ ነው የሚያደርገው። እትዬ ዘሀራ ግን የማንንም ዕቃ ባዶውን ትመልሳለች፤ ሰፈሩም «ቋጣሪዋ» ይላታል።

«አጥታ ይሆናላ» አልኳት።

«ምን ታጣለች? ውሃስ አጣች? ጠብታ ውሃ ብትተውበት ምን ነበረበት?»

ውሃ ስትል ክው አልኩ። አስካለ ያገባችኝ ከዚያ ክፉ ዘመን በኋላ ነው፤ ምን እንደተናገረች አታውቅም። ወንበሬን አንስቼ ገባሁ፤ ይህን መጻፍ የጀመርኩትም ያን ዕለት ነው።

ሥራ የጀመርኩት አሰብ ነው። የወልድያ ልጅ ነኝ፤ ከሐይቅ የሰፋ ውሃ አላየሁም ነበር። አሰብ ደግሞ ጥላው ራሱ ያቃጥላል። የመጀመሪያው አለቃዬ ዓረብ አገር ቆይቶ የመጣ ካቦ ነበር፤ ሲቆጣ በምን ቋንቋ እንደሚሳደብ ማንም አያውቅም፤ መሰደባችንን ግን ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ሥር ቱቦ ስጎትት ነው ወደብ ምን እንደሆነ የገባኝ። ነዳጅ የጫነች መርከብ ዳር አትደርስም። ሆዷ ከባድ ስለሆነ ጥልቁ ላይ መልሕቋን ጥላ ትቆማለች፤ ከእሷ እስከ የብሱ ቱቦ ይዘረጋል። ከዓረቦቹ አገር የተጫነው ጥቁር ዘይት በዚያ ቱቦ መጥቶ ወደ ትልልቆቹ ጋኖች ይገባል። ማጣሪያው ያፈላዋል፤ ቤንዚኑ፣ ላምባው፣ ናፍጣው በየተራው ይወጣል፤ አተላው ሬንጅ ነው። ዋጃ ላይ ኩራዝ የሚበራው፣ ጎብዬ ላይ ወፍጮ የሚዞረው፣ ያቺ መርከብ መጥታ ስትቆም ነው። የኮቦ ሰው ይህን የሚያውቅበት ምክንያት አልነበረውም፤ እሱ የሚያውቀው ላምባ ከሱቅ እንደሚመጣ ነው።

ከቱቦ ወደ መሪ ያወጣኝ አያ ይመር ነው። የሮቢት ሰው ነው፤ ረጅም ራያ፣ ትከሻው ከመሪው ብዛት የተነሳ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ። ነዳጅ አጠገብ ስለማይጨስ ከአፉ መፋቂያ አይጠፋም፤ ሲናደድ ያኝከዋል፤ ደስ ሲለው ከወዲያ ጉንጩ ወደ ወዲህ ያመጣዋል። ረዳቱ አድርጎ ሲወስደኝ መጀመሪያ ያሳየኝ ማርሽ አይደለም፤ የባሕሩ ዳር ወስዶ አንዲት አራግፋ የምትመለስ መርከብ አሳየኝ።

«አየሃት፣ አለሙ?» አለኝ። «አሁን ሆዷ ምን ያለ ይመስልሃል?»

«ባዶ ነዋ።»

«ባዶዋንማ ማዕበሉ ይጥላታል። ባሕሩን ትጠጣለች። ያን ጨዋማ ውሃ ይዛ ትሄድና ስትጭን ትተፋዋለች። ሁሉንም ከተፋች ደግ፤ ካልተፋች ግን ናፍጣው ውስጥ ውሃ አለ። መርከብም እንደኛ ናት፤ ባዶዋን አትመለስም።»

የአያ ይመር ሥራ ሁሉ ውሃን መጠርጠር ነበር። ውሃና ናፍጣ አይዋደዱም፤ ውሃው ከባድ ስለሆነ ከሥር ይተኛል። ስንጭን ከቦቴው ሥር መጀመሪያ የሚወጣውን በጠርሙስ ይቀዳና ወደ ፀሐይ ያነሳዋል። ከታች እንደ ዕንቁላል ነጩ የመሰለ ነገር ካየ፣ ካቦው ቢጮህ፣ ከኋላ የተሰለፈው ጥሩምባውን ቢያስጮህ፣ ከቦታው አይነቃነቅም። በርሜል ሲሆንማ ይብስበታል። ነዳጅ ሊሞላበት ያለ በርሜል ሁሉ አፉ ወደ ታች ሆኖ በሁለት ድንጋይ ላይ ይደፋል፤ ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን ይቆያል። በጣቱ ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ይሰጠዋል። ሾፌሮቹ «ይመር በርሜል ያገባ» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱ መፋቂያውን ወዲያና ወዲህ ያደርጋል፤ የእሱ ናፍጣ ግን ማንንም መንገድ ላይ አቁሞ አያውቅም።

አንድ ልማድም ነበረው። ከአሰብ በወጣን ቁጥር ከዓረብ ጀልባ ተምር ይገዛል። የዶቢን ሐሩር፣ ሚሌን፣ የባቲን ዳገት አልፈን ኮምቦልቻ ስንደርስ ግማሹ ያልቃል፤ የቀረውን መንገድ ላይ ላገኘው ልጅ ሁሉ እያደለ ሮቢት ባዶ ከረጢት ይዞ ይገባል። ሚስቱ ስትቆጣው በየጊዜው ሰምቻለሁ።

ከዚያ ስድሳ አምስት መጣ። በልጉም ክረምቱም ጠፋ። ራያ ሜዳው ሲሰጥ የሚሰጥ አገር ነው፤ ማሽላው ሰው ከነፈረሱ ይደብቃል። ያን ዓመት አገዳው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። መጀመሪያ ከብቶቹ አለቁ፤ ቀጥሎ ሰው ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። የሚመጡት መኪና ስለሚያልፍበት ነው፤ መኪና ካለ እህል አለ ብለው። ከአላውሃ እስከ ዋጃ የመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ነበር፤ የተቀመጠው ይበልጣል፤ የተኛውን ደግሞ ምን እንደሆነ ሳትወርድ አታውቅም። እኛ የጫንነው የማይበላ ነገር መሆኑን ብንነግራቸውም እጃቸውን ዘርግተው የቦቴውን ጎን ይዳስሱት ነበር። አያ ይመር መስኮቱን ዘግቶ መንዳት ጀመረ። መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ተምሩ አልቆበት ነው።

ይባስ ብሎ የዓረቦችና የእስራኤል ጦርነት ተነሳ። እኛ ጦርነቱን የሰማነው በሬዲዮ አይደለም፤ አሰብ ላይ በመርከቧ መቅረት ነው። ጋኖቹ ጎደሉ። ነዳጅ በራሽን ሆነ፤ ዋጋው ናረ፤ አዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድመዋል ተባለ። ቦቴዎች ተሰልፈን ቀናት እንቆም ጀመር። አንድ ጠዋት አያ ይመር ክንዴን ይዞ ወደ ደረቅ ጭነቱ መራገፊያ ወሰደኝ። ስንዴ በጆንያ ተከምሮ ቆሟል፤ ለወሎ የመጣ እርዳታ ነው። አጠገቡ የጭነት መኪኖች ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ከሥራቸው ተኝተዋል።

«ለምን አትጭኑም?» አለ አያ ይመር።

አንዱ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ናፍጣ የለማ» አለው። «እናንተ አይደላችሁ ናፍጣ የምታመጡ?»

እህሉ መኪና ይጠብቃል፤ መኪናው ናፍጣ፤ ናፍጣው መርከብ፤ መርከቧ ደግሞ የጦርነቱን ማለቅ። ኮቦ ዳር የተኛው ሰው ሞቱ ከየት እንደሚመጣበት አያውቅም ነበር። አያ ይመር የዚያን ቀን መፋቂያውን አኝኮ ጨረሰው።

ከዚያ በኋላ ቦቴያችን ቆመችና ድርጅቱ ሁለታችንን ኮቦ መደበን። ነዳጅ ሲገኝ በበርሜል የሚቀመጥበት ግቢ ነበር፤ እህል የሚያመላልሱ መኪኖች እኛ ጋ ቀድተው ወደ ኮምቦልቻ ወርደው ይጭናሉ። ተቆጣጣሪያችን ደሴ የተቀመጠ ወጣት ነበር፤ ተምሮ የመጣ፣ ሥራ አዋቂ፣ ሰውን የማይንቅ። ሲመጣ ሁልጊዜ፣ «ጋሽ ይመር፣ በርሜሎቹን ይደፏቸዋል አይደል?» ይላል። አያ ይመር፣ «ሶላትህን ትሰግዳለህ ወይ ብለህ ጠይቀኝ» ይለውና ሁለቱም ይስቃሉ።

ከግቢያችን ፊት ለፊት መጠለያው ነበር። እትዬ ዘሀራን ያወቅናት እዚያ ነው። ያን ጊዜ አሮጊት አይደለችም፤ ከእኔ ጥቂት ብትበልጥ ነው። ባሏ ከብቶቹን ይዞ ወደ አፋር እንደወረደ አልተመለሰም። ከልጆቿ የቀረችላት ሩቂያ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ዓይኗ ብቻ ሰፊ የሆነ። እትዬ ዘሀራ አቅም ካላቸው ሴቶች ጋር እየሆነች ከጎሊና ውሃ ትቀዳ ነበር። ጎሊና ያን ጊዜ ወንዝ አልነበረም፤ አሸዋውን ቆፍረው፣ ጉድጓዱ ዳር ተቀምጠው ጠብ እስኪል ይጠብቃሉ። ያን በእንስራ ተሸክመው ይመጣሉ፤ መጠለያው ውስጥ ግን የሚያጠራቅሙበት ዕቃ የለም።

አንድ ቀን በራችን ላይ መጥታ ቆመች። «አያ ይመር፣ አላህ ይስጥህ፣ እኒያ በርሜሎች ቦዝነው ነው የሚውሉ። እስከምትፈልጉአቸው ብታውሱን።»

«ናፍጣ የነበረባቸው ናቸው እትዬ፤ ሆድ ያማል።»

«ሆድ ካለ አይደል የሚያም?»

አያ ይመር ሳቀ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሳቀው ያን ቀን ነው። በርሜሎቹን በአመድና በአሸዋ ፈትጎ፣ በፈላ ውሃ አጥቦ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ወደ መጠለያው መሄድ ልማዱ ሆነ። ከሮቢት ቤቱ የተረፈች አንዲት ጭብጥ ተምር ነበረችው፤ ለሩቂያ በየቀኑ አንዳንድ ይሰጣታል። ልጅቱ ሥጋውን ከጨረሰች በኋላ ፍሬዋን አትተፋትም፤ በጉንጯ ይዛት ትውላለች። እሱም መፋቂያውን በጉንጩ ይዞ አጠገቧ ይቀመጣል። ልጅ አልነበረውም፤ ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁትን ከዚያ በፊት አላየሁትም።

ከዕለታት አንድ ቀን አሰብ መርከብ ገባች ተባለ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ቦቴ ኮቦ ደረሰ። ተቆጣጣሪው በስልክ፣ ናፍጣው በርሜል ውስጥ ይገልበጥ፤ መኪኖች ነገ ይደርሱላችኋል፤ ኮምቦልቻ ያለው እህል ቶሎ ካልተነሳ ወደ ሌላ አውራጃ ይዞራል አለን። መጠለያው ውስጥ የቀረው እህል ደግሞ እፍኝ ነበር። በርሜሎቹን መልሱ ብለን ላክን። ሴቶቹ እያንከባለሉ አመጧቸው፤ ከግቢው በርም ሲደርሱ አቁመዋቸው ሄዱ። ክዳናቸው ጠብቆ ታስሯል። እትዬ ዘሀራ፣ «አላህ ያክብርህ» ብላ ዞር አለች። ምንም አልተናገረችም፤ ወጉም እንደዚያ ነው።

አያ ይመር እንደ ልማዱ የመጀመሪያውን በርሜል ከፈተና ሁለት ድንጋይ ላይ ደፋው። ውሃ ወረደ። ትንሽ አይደለም፤ አንድ ሁለት ጣሳ የሚሆን ንጹሕ ውሃ አቧራው ላይ ፈሰሰ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብለው፣ ከጉድጓድ ዳር ጠብታ ከጠበቁት ውሃ ላይ በየበርሜሉ ትተውልናል።

በር ላይ የተቀመጠው የተራበ ሰው ሁሉ አየ። እንዴት ከመሬት እንደተነሱ አላውቅም፤ ከፊታችን ተነጠፉ። አንድ ሽማግሌ ፊቱን ጭቃው ውስጥ ቀበረ። ከኋላ የመጡት በፊተኞቹ ላይ ወጡ። ስንጎትት፣ ስናላቅቅ፣ አንዲት ሴት ከሥር ሆና እጇ ተሰብሮ አገኘናት። እትዬ ዘሀራ ጩኸቱን ሰምታ ተመልሳ መጣች፤ የፈሰሰውን አየችና ቆመች።

«ለእናንተ ብለን ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብለን ነው።»

አያ ይመር የቀሩትን በርሜሎች በቀጭን የጎማ ቱቦ እየሳበ በየተራ ቀዳላቸው፤ ሴቶቹ በቅል ተቀብለው አደሉት። ቱቦ ግን ሁሉንም አያወጣም፤ ከበርሜሉ ጠርዝ ዙሪያ የሚቀረውን የሚያወጣው መድፋትና ፀሐይ ብቻ ነው።

«አያ ይመር፣ አሁን እንድፋቸው» አልኩት።

ወደ በሩ አየ። ሰው ሁሉ በርሜሎቹ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆሟል። «ዳግመኛ ብንደፋ ይረጋገጣሉ። ሰው ይሞታል» አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «በፊቷ አልደፋውም፣ አለሙ። አልችልም» አለ። ዘንግ ላይ ጨርቅ አስሮ በየበርሜሉ አስገባ፤ ትንሽ ረጥቦ ወጣ። ናፍጣው ይሞላ፤ እስከ ነገ ይረጋል፤ ውሃው ከሥር ይቀራል፤ እኛ ከላይ ከላዩ እንቀዳለን ብሎ አሰበ። መጥፎ ሐሳብ አልነበረም።

ነገር ግን ነገ ይመጣሉ የተባሉት መኪኖች ዛሬውኑ ደረሱ፤ ናፍጣው ገና ሲናጥ። ሾፌሮቹ እህሉ እንዳይዞርባቸው ተጣድፈዋል። መጠለያው ውስጥ ደግሞ የመጨረሻው ቅንጬ ተከፋፍሏል። አያ ይመር ጠርሙሱን ሞልቶ ወደ ፀሐይ አነሳው። እኔም አየሁት፤ ደፍርሷል። ከመናጡ ነው ወይስ ከውሃ፣ በዚያ ሰዓት መለየት አይቻልም። ረጅም ጊዜ ይዞት ቆመ። ከዚያ ሩቂያ ያለችበትን የመጠለያ ጥግ አየ። «ቅዱላቸው» አለ።

ውሃ የገባበት መኪና መጀመሪያ ያስላል፤ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ዳገት ላይ ጉልበቱን ይጥላል። ጎብዬን አልፈው የአላውሃ ዳገት ላይ ሲደርሱ አንድ ባንድ ቆሙ። ከደሴ ሜካኒክ እስኪመጣ፣ ናፍጣቸው ተገልብጦ፣ ፊልትሯቸው ተለውጦ፣ ፖምፓቸው ተፈትቶ እስኪገጠም ቀናት አለፉ። እህሉ ወደ ሌላ አውራጃ ዞረ። ለኮቦ ሌላ ጭነት እስኪመጣ መጠለያው ውስጥ የተባለውና የታየው ሁሉ እዚህ አይጻፍም። መቃብር መቆፈር የምንችል ወንዶች ጠዋት ጠዋት እንሰበሰብ ነበር። አያ ይመርና እኔም ዶማ ይዘን እንሄዳለን። ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ጎን ለጎን ነው የቆፈርነው።

ለሩቂያ የቆፈረላት እሱ ነው። እኔን አላስነካኝም። ከጉንጯ የተምሯን ፍሬ ያወጣችው እናቷ ናት፤ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ደረቷ አስገባችው።

ከቀብር ስንመለስ ሴቶቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው ነበር። አንዷ፣ «ምን አቆማቸው አሉ መኪኖቹን?» ብላ ጠየቀች። አያ ይመር ቆመ።

«የመርከብ ውሃ ነው» አለ። «ናፍጣው ከባሕር ማዶ ሲመጣ ከውሃ ጋር ተደባልቆ ነው።»

እትዬ ዘሀራ ቀና ብላ አላየችውም።

ተቆጣጣሪው መጥቶ ሲጠይቀው ግን እንዲህ አላለም። «ሰንፌ ነው። ሳልደፋቸው ሞላሁ» አለው። ተቆጣጣሪው ያውቀዋል፤ አላመነውም። «ጋሽ ይመር፣ እርስዎ? ሌላ ነገር ካለ ይንገሩኝ፤ እኔ እጽፍልዎታለሁ» አለው፤ እየለመነው ነበር። አያ ይመር መፋቂያውን አውጥቶ ጣለና፣ «ሌላ የለም» አለ። ተባረረ። ቁልፉን ለእኔ ሲሰጠኝ ክንዴን አጥብቆ ያዘኝ።

«ልጇን በገዛ ውሃዬ ገደልኩ ብላ እንዳትኖር። ወላሂ በለኝ።»

«ወላሂ» አልኩት፤ ክርስቲያን ብሆንም።

አያ ይመር ሮቢት ገብቶ ማሽላ ሲያርስ ኖረ። አሰብን ዳግመኛ አላየም። ባለፍኩ ቁጥር ተምር ላደርስለት እሞክር ነበር፤ ተቀብሎ ለጎረቤት ልጆች ያድለዋል፣ ራሱ አይቀምስም። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፤ ጦርነቱ መጣ፤ በመጨረሻም አሰብ ተዘግቶብን መንገዳችን ወደ ጅቡቲ ዞረ። አሁን ቦቴው ሁሉ በፕሎምፕ ማኅተም ታሽጎ ይመጣል፤ ወጣቶቹ ጠርሙስ ወደ ፀሐይ ማንሳት ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ባያውቁም አልፈርድባቸውም። እኔ እስከ መጨረሻው ቀን በርሜል ደፍቻለሁ። አያ ይመር ሲሞት መንገድ ላይ ነበርኩ፤ አልቀበርኩትም፤ ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

አስካለ ስለ ሰሃኑ ካማረረች በኋላ ጥቂት ቀን ቆይቼ፣ ያዋሰቻትን ጀሪካን ላምጣ በሚል ሰበብ ወደ እትዬ ዘሀራ ግቢ ገባሁ። ያን ሁሉ ዘመን ጎረቤቴ ሆና ከደጃፏ ውስጥ አልገባሁም ነበር፤ ሳያት ስለምፈራ ነው። ከቤቷ ጎን ፀሐይ ላይ የሰው ዕቃ ተደርድሯል። የአንዱ ጎረቤት ሰሃን፣ የሌላው ድስት፣ የእኛ ጀሪካን። ሁሉም አፋቸው ወደ ታች ነው። ጀሪካናችን በሁለት ድንጋይ ላይ ተደፍቷል።

እዚያው እንደ ቆምኩ ቀረሁ።

«ግባ እንጂ አለሙ፤ ምን ያስቆምሃል?» አለች ከመደቧ ሳትነሳ።

«እትዬ ዘሀራ፣ እንዲህ መድፋት ማን አስተማረሽ?»

«ይመር ነዋ። ሲሠራ አየው አልነበር? ነፍሱን በጀነት ያኑራትና።» እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «አሁን ከሥራ ወጥተሃል። ያን ጊዜ መኪኖቹን ያቆማቸው ምንድን ነው?»

የማልኩትን አሰብኩ። «የመርከብ ውሃ ነው» አልኳት።

«ይመርም እንዲህ ነው ያለኝ። የመርከብ ውሃ የባሕር ውሃ አይደል?»

«ነው።»

«የባሕር ውሃ ጨው ነው አሉ።» አላየችኝም። «ሩቂያ ከመሞቷ በፊት ባለው ቀን፣ ሜካኒኩ ከመኪኖቹ ያወጣውን በጣሳ ይዞ ግቢያችሁ መጥቶ ነበር፤ ለይመር ሊያሳየው። በር ላይ አስቀምጦት ሲገባ ቀመስኩት። ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ ጨው ግን የለበትም። የጎሊና ውሃ ነው አለሙ። በጀርባዬ ተሸክሜ ያመጣሁትን ውሃ ጣዕሙን አጣዋለሁ?»

ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ መሐላ፣ የአያ ይመር መባረር።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽው? ለእሱ እንኳ።»

«እሱ እኔን ላድን ብሎ እንጀራውን ጣለ። አወቅኩ ብዬ ብነግረው ምን ይቀርለት ነበር? አላወቀችም ብሎ ነው የሞተው። አልሐምዱሊላህ።» ከአንገቷ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ ነካች፤ ምን እንዳለባት አልጠየቅኩም። ከዚያ በፊት ያላየሁት ፈገግታ በአፏ ዳር መጣ። «ለሚስትህ ግን ንገራት። ቋጣሪ ናት ማለቱን ትተወኝ፤ ሰለቸኝ። ጀሪካንህን ውሰድ፤ ደርቋል።»

ለአስካለ ያን ማታ ነገርኳት። እኔ ስናገር እሷ ሽሮ እያማሰለች ነበር፤ ማንኪያው ድስቱ ውስጥ እንደቆመ ቀረ። በማግስቱ ዳቦ ቆርሳ፣ በዚያችው ሰሃን አድርጋ ወደ አጥሩ ሄደች።

«እትዬ ዘሀራ» ስትል ከወንበሬ ሆኜ ሰማኋት። «ሰሃኔን ባዶውን መልሺልኝ፣ እሺ?»